ሰው እያነበበ የሚሠራበት ጽሑፍ

በጽሑፍ መተዳደር የሚፈልግ ወጣት ምክር ሲጠይቅ የሚነገረው ያው ሦስት ነገር ነው፦ ጋዜጠኛ ሁን፣ ድርሰት ጻፍ፣ ማስታወቂያ ድርጅት ግባ። ስሙ ብዙም የማይነሣ ሌላ በር አለ። በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጠውን ወረቀት፣ የጄኔሬተሩን ማኑዋል፣ የይለፍ ቃሉን ለረሳ የባንክ ደንበኛ የሚወጣውን ገጽ፣ ለፕሮግራመሮች የሚዘጋጀውን የኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙበት በር) ዶክመንቴሽን፣ የአውሮፕላኑን የጥገና ቅደም ተከተል የሚጽፍ ሰው አለ። ሙያው ቴክኒካል ኮሙኒኬሽን ይባላል፤ ባለሙያው ቴክኒካል ራይተር።

ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ተመቻችቶ ተቀምጦ ነው። ማኑዋል የሚያነበው ቆሞ ነው፤ እጁ ዘይት ነክቷል፣ ዓይኑ ከወረቀቱ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ወረቀቱ ይመላለሳል፣ ያቋረጠበትን መስመር በየጊዜው መልሶ መፈለግ አለበት። ጽሑፉ የሚለካው ይህ ሰው ሥራውን ሳይሳሳት በመጨረሱ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው በዋናነት የሚማረው ማሳመርን ሳይሆን መጠየቅንና መፈተንን ነው። ሰርተፍኬቱም ሆነ ሶፍትዌሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በምሳሌ እንየው። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. ሁላችንም እናውቀዋለን። መመሪያው እንዲህ ቢጻፍስ፦ «ዱቄቱን በንጹህ ውሃ በመበጥበጥ ለሕፃኑ መስጠት»። ሰዋስው ላይ ምንም ስህተት የለም። ነገር ግን በስንት ውሃ? ፓኬቱን በሙሉ ወይስ በከፊል? በአንድ ጊዜ ወይስ ቀስ በቀስ? የተረፈው እስከ መቼ ይቀመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 20.5 ግራም ዱቄት ለ1 ሊትር ውሃ ነው። ውሃው ካነሰ ጨዉ በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከበዛ ደግሞ የወጣውን ንጥረ ነገር አይተካም። እናትየው ይህን ሁሉ ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ልታገኝ አትችልም። እንደገና ስንጽፈው፦

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
2. ፓኬቱ ላይ «ለ1 ሊትር» የሚል መጻፉን ይመልከቱ። ሌላ መጠን ከተጻፈበት በዚያው መጠን ይሥሩ።
3. 1 ሊትር ንጹህ የመጠጥ ውሃ በንጹህ ዕቃ ያድርጉ። መለኪያ ከሌለዎት ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተው ይገልብጡ።
4. የአንዱን ፓኬት ዱቄት በሙሉ ውሃው ውስጥ ይጨምሩ። ስኳርም ጨውም አይጨምሩበት።
5. ዱቄቱ ሟሙቶ እስኪያልቅ ያማስሉ።
6. ለልጁ በማንኪያ ወይም በኩባያ ጥቂት በጥቂቱ ይስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይቀጥሉ።
7. በማግስቱ፣ የበጠበጡበት ሰዓት ሲደርስ፣ የተረፈውን ይድፉና አዲስ ያዘጋጁ።

የተጨመረችው እያንዳንዷ ቃል ምክንያት አላት። «በሙሉ» የገባችው ለመቆጠብ ብሎ ግማሹን የሚያስቀር ሰው ስላለ ነው። የሃይላንዱ ጠርሙስ የገባው በብዙ ቤት የሊትር መለኪያ ስለሌለና ጠርሙሱ ግን ስለማይታጣ ነው። «በማግስቱ፣ የበጠበጡበት ሰዓት» የተባለው «24 ሰዓት» ከሚለው ይልቅ በቀላሉ ስለሚቆጠር ነው። ስድስተኛው ላይ ልጁ ቢያስመልስስ የሚለው ጥያቄ የተመለሰው እናትየው የምትደነግጠውና መስጠቱን የምትተወው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ቴክኒካል ራይተር የሚከፈለው እንዲህ ያለውን ቦታ አስቀድሞ በማየቱ ነው።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በእንግሊዝኛ ኮርሶች ውስጥ የማያገኘው የራሱ የቤት ሥራ አለው። ብዙ የተተረጎሙ መመሪያዎች የሚበላሹት እዚሁ ላይ ነው።

ሰዓትን እናስቀድም። «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» በጽሑፍ የሚለያዩት በሁለት ቁምፊ ነው፤ በትርጉም ግን አንዱ በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ ሌላው አንድ ጊዜ። መድኃኒት ሲሆን መፍትሔው ሰዓቶቹን ዘርዝሮ መጻፍ ነው፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ለሚቆጥር አንባቢ የሚጻፍ ከሆነ ሁለቱንም ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ። ካርቶኑ ላይ 03/2026 የሚል ማብቂያ ያየ ሰው በእኛ ዘመን ከቆጠረው ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ ዕቃው ግን የሚያበቃው መጋቢት 2018 ዓ.ም. ላይ ነው። በቀን ላይ ሁሉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጽፉ ማለፍ ስህተት ነው።

ሁለተኛው የግስ ሰንሰለት ነው። አማርኛ ድርጊትን ከድርጊት እያያያዘ መሄድ ይወዳል፦ «ክዳኑን ከፍተው ዘይቱን አፍስሰው ማጣሪያውን ቀይረው አዲስ ዘይት ሞልተው ክዳኑን ይዝጉ»። ሲነገር ያምራል። ጄኔሬተር አጠገብ ላጎነበሰ ሰው ግን አምስት ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታስሯል፤ ሦስተኛው ላይ ቀና ብሎ ሲያይ የት እንደደረሰ አያገኘውም። በአንድ ቁጥር ሥር አንድ ድርጊት፣ ቢበዛ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ሁለት። በሌላ በኩል ቋንቋችን የሚረዳን ቦታም አለ። የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ሁኔታን ከድርጊት ማስቀደምን በትምህርት ነው የሚለምዱት፤ እኛ ግን «መብራቱ ቀይ ከሆነ ማብሪያውን ያጥፉ» የምንለው በተፈጥሮ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው ሁኔታውን ሳያውቅ አይነካውም።

ከሁሉም የምፈራው አሉታውን ነው። «ይክፈቱ» እና «አይክፈቱ» የሚለያዩት በአንዲት «አ» ነው። ደብዛዛ ፎቶ ኮፒ ላይ ወይም በችኮላ ሲነበብ ያቺ ፊደል ትጠፋለች። ስለዚህ ክልከላ በተራው ደረጃ መሐል መቀበር የለበትም፤ ለብቻው መስመር፣ በደማቅ ፊደል፣ ከተቻለ ከምልክት ጋር፣ ከነምክንያቱ ይቀመጥ፦ «ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ። የፈላ ውሃ ይረጫል።» ምክንያቱ ከተጻፈ «አ» ብትጠፋ እንኳን አንባቢው ይነቃል።

«ቫልቩ መዘጋት አለበት» የሚለውም ተመሳሳይ አደጋ አለው። አንባቢው ራሱ ይዝጋው ወይስ ሌላ ሰው ዘግቶት መሆኑን ይይ? «ቫልቩን ይዝጉ» ወይም «ቫልቩ መዘጋቱን ያረጋግጡ» ተብሎ ይለይ። አጠራሩ በ«እርስዎ» ቢሆን ጾታን ከመምረጥም ያድናል፣ በመመሪያ ላይም የተለመደ ነው፤ ዋናው ነገር አንዴ ከያዙት ወደ «ተጫን» እና «ተጫኚ» አለመንሸራተት ነው።

የፊደል ምርጫ ደግሞ በኮምፒውተር ፍለጋ ላይ ይወጣል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለተራ መፈለጊያ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንድ ማኑዋል ውስጥ የፀሐይ ፓኔሉ በሦስት ዓይነት ከተጻፈ ተጠቃሚው ፈልጎ የሚያገኘው አንድ ሦስተኛውን ነው። ለዚህ ነው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቃላት ሰንጠረዥ የሚዘጋጀው፦ በአንድ ዓምድ የተመረጠው ቃል፣ በሌላው የተተዉት፣ በሦስተኛው ምክንያቱ። «ማብሪያ»፣ «ቁልፍ»፣ «በተን» እያሉ መቀያየር በድርሰት ውበት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን አንባቢው ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ይመስሉታል።

ይህ የአንድ ነገር አንድ ስም ደንብ እኛ የፈጠርነው አይደለም። ኤኤስዲ ኤስቲኢ 100 የሚባለው የተቃለለ ቴክኒካዊ እንግሊዝኛ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአውሮፓ አየር መንገዶች የጥገና ጽሑፎች ለብዙ ቴክኒሻኖች ከባድ እንደሆኑ በማየታቸው ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ ቴክኒሻን በአንድ ንባብ እንዲረዳው ታስቦ፣ ከሙያ ስሞች ውጭ የተፈቀዱት የዘወትር ቃላት ወደ 900 ገደማ ሆኑ፤ ለትእዛዝ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል፣ ማብራሪያ ከ25 ቃል፣ አንቀጽ ከ6 ዓረፍተ ነገር እንዳይበልጥ ተደረገ። «ፎሎው» የሚለው ቃል «ተከትሎ መጣ» ለማለት ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ «መመሪያውን አክብሩ» ለማለት ሌላ ቃል አለ። ቦሌ ላይ የቦይንግና የኤርባስ አውሮፕላኖችን የሚጠግኑ ቴክኒሻኖች በየቀኑ የሚያነቡት ጽሑፍ በዚህ ዲሲፕሊን የተቀረጸ ነው። ሰነዱ ለጠየቀ ሰው በነጻ ይሰጣል። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል ስለማይቆጠር ቁጥሮቹን እንዳሉ መውሰድ አይቻልም፤ በአማርኛ ትእዛዝ ከ12 ቃል ሲያልፍ ደግሜ ባየው ይሻላል ብሎ መቆም ጥሩ ልማድ ነው።

ማስጠንቀቂያዎችም ደረጃ አላቸው። ኤኤንኤስአይ ዜድ 535 በተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ምልክቶች ደረጃ መሠረት አራት ናቸው፤ በአማርኛ አደጋ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ጥንቃቄ፣ ማሳሰቢያ ብንላቸው ይሄዳል። የመጀመሪያው ካልተወገደ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ለሚያደርስ፣ ሁለተኛው ሊያደርስ ለሚችል፣ ሦስተኛው ለቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት፣ አራተኛው ንብረት ብቻ ለሚጎዳበት ነው። ሁሉን ነገር «ማስጠንቀቂያ» ብሎ የጻፈ ሰው ዋናውን ማስጠንቀቂያ ገደለው ማለት ነው። ቦታውም ሁልጊዜ ከድርጊቱ በፊት ነው። «5. ሽቦውን ያውጡ። 6. ከዚህ በፊት ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን ያረጋግጡ» የሚል መመሪያ ሰው ይገድላል።

መረጃውስ ከየት ይመጣል? ማሽኑን ወይም ሶፍትዌሩን ከሚያውቀው ባለሙያ። ባለሙያ ደግሞ እጁ የለመደውን ደረጃ ሲናገር ይዘለዋል፤ ደብቆ ሳይሆን ሥራ መሆኑ ስለጠፋው ነው። «እስቲ አስረዳኝ» ከማለት «እስቲ ሥራውና ልይ» ማለት ይሻላል። ያለውን ሰነድ አስቀድሞ አንብቦ መሄድ፣ ቀጠሮውን 30 ደቂቃ ማድረግ፣ እጁን ፎቶ እያነሡ ቁጥር መስጠት። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው። አዲስ ሠራተኛ የት ላይ ይሳሳታል? ማለቁን በምን ታውቃለህ? ይህን ብዘለው ምን ይሆናል? መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ከየት እጀምራለሁ? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አይጠይቃትም፤ እኛ አገር ግን ያለ እሷ የተጻፈ መመሪያ ግማሽ ነው።

ቀጥሎ ፈተና። ስለ ዕቃው ለማያውቅ ሰው ወረቀቱንና ዕቃውን ሰጥቶ ዝም ማለት። መርዳት የለም፣ መጠቆም የለም፣ ፊት መለዋወጥም የለም። የሚመዘገበው አራት ነገር ነው፦ የት ቆመ፣ የት ደግሞ አነበበ፣ የትኛውን ዘለለ፣ ምን ጠየቀ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፤ ክርክር አያስፈልግም። በአንድ ዙር 5 ሰው ይበቃል የሚለው የአጠቃቀም ፈተና ባለሙያው የያኮብ ኒልሰን ምክር በዘርፉ የታወቀ ነው፤ አቅም ለሌለው ጀማሪ 3 ሰው ፈትኖ፣ አስተካክሎ፣ ሌላ 3 ሰው መፈተን ከምንም ይበልጣል። ዘመድ ሲፈተን ይሉኝታ ስለሚይዘው «ገብቶኛል» ይላል። ስለዚህ ገባህ ወይ ብለው አይጠይቁ፤ ያሠሩት።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ በውጭ ላሉ ወገኖች መደበኛ መንገዱ ክፍት ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በቴክኒካል ራይቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለው፤ ቨርጂኒያ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሙያ ጽሑፍ ያስተምራል፤ የአየርላንዱ ሊመሪክ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን በኦንላይን ያስተምራል። በጀርመን ቴኮም የተባለው የሙያ ማኅበር ጠንካራ ነው፤ በአውሮፓ ማሽን ከነመመሪያው፣ ያውም በሚሸጥበት አገር ቋንቋ እንዲቀርብ ሕጉ ስለሚያስገድድ ሙያው ከሕግ ጋር የታሰረ ነው። እዚያ ግን ያለ ጥሩ ጀርመንኛ ብዙ በር አይከፈትም። በአሜሪካ በ1953 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቴክኒካል ኮሙኒኬሽን ማኅበር በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ በእሱ አባልነት ላይ የተመሠረተ የቆየ ምክር ካገኙ ይለፉት። ራይት ዘ ዶክስ የተባለው የሰነድ ጸሐፊዎች ማኅበረሰብ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ለማንም ክፍት ነው።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በምህንድስና፣ በነርስነት ወይም በአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው ሌላ አራት ዓመት አያባክን። ያለው ዕውቀት ራሱ ሀብት ነው፤ ነርስ የነበረ ሰው የሕክምና መሣሪያ መመሪያ ሲጽፍ ከጸሐፊው ሁሉ ይቀድማል። የጉግል ሁለቱ የቴክኒካል ራይቲንግ ኮርሶች ነጻ ናቸው፣ በጥቂት ቀናት ያልቃሉ። የጉግልና የማይክሮሶፍት የአጻጻፍ መመሪያዎችም ነጻ ናቸው፤ ማይክሮሶፍት ለአማርኛ ትርጉም ያዘጋጀው መመሪያም አለ። ዲያታክሲስ የሚባለው አከፋፈል ደግሞ ሰነድን በአራት ይለያል፦ እጅ ይዞ ማስተማሪያ፣ አንድ ሥራ ማከናወኛ፣ ማመሳከሪያ፣ ማብራሪያ። አራቱን በአንድ ገጽ መደባለቅ የጀማሪ ዋና በሽታ ነው፤ ሰውየው ቁጥር ሊያይ መጥቶ ታሪክ ያነባል።

መሣሪያውን ብዙ አታካብዱት። ማርክዳውን (ጽሑፍን በቀላል ምልክቶች መቅረጫ) በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል፤ ጊት (የፋይል ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም) አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ማድካፕ ፍሌር የተባለው የማኑዋል ማዘጋጃ ሶፍትዌርም ሆነ ዲታ የተባለው የሰነድ አወቃቀር ደረጃ ሥራው ሲጠይቅ ይደረስበታል።

ጊዜው የሚገባው ለሥራ ናሙናው ነው። ሦስት ይበቃሉ። አንደኛው በእጅ የሚሠራ ነገር፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምጣድ አጠቃቀም ወይም የጄኔሬተር ዘይት አቀያየር፣ ከነፈተናው ውጤት። ሁለተኛው የሶፍትዌር፣ በተለይ የኤፒአይ። ለእያንዳንዱ ጥሪ (ፕሮግራሙ ለሚልከው ጥያቄ) ምን እንደሚሠራ፣ አድራሻው፣ የሚላኩት እሴቶች ዓይነትና ግዴታነት፣ የጥያቄና የመልስ ምሳሌ፣ ከዚያ ስህተቶቹ። ስህተቶቹን ብዙ ሰው ይተዋቸዋል፤ 401 የሚል የስህተት ቁጥር ሲመጣ የመግቢያ ቁልፉን ይፈትሹ፣ 429 ሲመጣ ጥሪ አብዝተዋልና ቆይተው ይሞክሩ ብሎ የጻፈ ሰው ግን ፕሮግራመሩን ከሌሊት ድካም ያድነዋል። የእኛ አገር ክፍያ ነክ ሥርዓት ከሆነ የስልክ ቁጥሩ በ09 ይጀምር ወይስ በ251፣ ከፊቱ «+» ይግባ ወይስ አይግባ፣ ሳንቲም በነጥብ ይለይ ወይስ አይለይ የሚለው በመጀመሪያው ገጽ መጻፍ አለበት። ሦስተኛው የታረመ ጽሑፍ ነው፦ በፊት የነበረው፣ በኋላ የሆነው፣ እያንዳንዱ ለውጥ ለምን እንደተደረገ።

በእያንዳንዱ ናሙና ራስ ላይ አራት መስመር ይጻፍ፦ ለማን ተጻፈ፣ በምን መሣሪያ፣ ማን ላይ ተፈተነ፣ ፈተናው ምን አስቀየረ። ቀጣሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው አራተኛውን ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ ንጹሕ ረቂቅ ያወጣል፣ ምጣዱን ነክቶ ሦስተኛው ደረጃ እንደማይሠራ ማወቅ ግን አይችልም። የክፍል ድርሰት ናሙና አይሆንም። የቀድሞ መሥሪያ ቤት የውስጥ ሰነድንም ያለ ፈቃድ ማሳየት አይገባም፤ ምሥጢር የማይጠብቅ ጸሐፊ መሆንን ይመሰክራል።

አዲስ አበባ ላይ «ቴክኒካል ራይተር» የሚል ማስታወቂያ ብቻ የሚፈልግ ሰው ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ሥራው በሌላ ስም ነው ያለው፦ በመድኃኒትና በምግብ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ውስጥ የአሠራር ቅደም ተከተል ዝግጅት፣ በባንክ የሥልጠና ማኑዋል፣ በሶፍትዌር ድርጅት የደንበኛ ድጋፍ ገጽ። የአይሶ 9001 ሰርተፍኬት ያለው ወይም የሚፈልግ ድርጅት ሁሉ የተመዘገበ መረጃ መያዝ ግዴታው ነው፤ ብዙ ጊዜ ያን የሚጽፈው ሥራው ያልሆነ ሰው ነው። ከዚያ ሰነድ አንዷን ገጽ አስተካክሎ፣ ከፈተና ውጤት ጋር ይዞ መቅረብ ከማመልከቻ ደብዳቤ ይበልጣል።

በኮንትራት ሲሠራ በገጽ ቁጥር ብቻ መዋዋል አይመከርም፤ ጥሩ አርትዖት ገጽን ይቀንሳልና በተሻለ በሠሩ ቁጥር ያነሰ ይከፈልዎታል። ለአዲስ ማኑዋል በገጽ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያስቡ፤ ቃለ ምልልሱ፣ ፎቶው፣ ፈተናውና እርማቱ በዚያ ውስጥ ነው፣ መጻፉ ከሰዓቱ ሲሶ ቢወስድ ነው። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ ስንት ዙር እርማት እንደሚካተት፣ ሁለት ዙር ተገቢ ነው፤ አስተያየት የሚሰጠውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው ማን እንደሆነ፤ ባለሙያው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመልስ። ሥራ የሚዘገየው በአብዛኛው በሦስተኛው ምክንያት ስለሆነ፣ ከተባለው ቀን ካለፈ የማስረከቢያው ቀን በዚያው ልክ እንደሚገፋ በግልጽ ይጻፍበት።